የሰገነቱ መብራት

“አንድ ላይ እንግፋው!” አለ ከድር። “አንድ፣ ሁለት…”

ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በሩን ገጩት። በሩ ከነመኖራቸውም አላወቀ። የዘውዴ ቅድመ አያት ከሸዋ መጥተው ጀጎል ግንብ ውስጥ ይህን ደርብ ቤት ሲገዙ አብሮ የነበረ የጥንት ጣውላ ነው፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ ከተጣለበት ሠፈሩ ሁሉ ቢሰበሰብ አይከፍተውም።

“እማዬ!” ዘውዴ አፉን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቶ ጮኸ። “እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?”

ከራሳቸው በላይ፣ በጠባቧ መንገድ ላይ ከተንጠለጠለው የእንጨት ሰገነት የሆነ ድምፅ መጣ። ቃል አልነበረም፤ ማቃሰት ነው። የሰገነቱ መደገፊያ ርብራብ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከታች ሆኖ ማንም አይታይም።

“አለች! ያ ረቢ፣ በሕይወት አለች!” አሉ እትዬ ዘይነባ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው። እትዬ ዘይነባ የማዶ ጎረቤት ናቸው፤ ባጃጅ የሚነዳው ከድርም የእሳቸው ልጅ ነው። ጠዋት እንደ ልማዳቸው አብረው ሸዋ በር ገበያ ለመውረድ መጥተው ቢያንኳኩ መልስ ሲያጡ፣ ፈረስ መጋላ የመብራት ዕቃ ሱቁ ውስጥ ለነበረው ለዘውዴ የደወሉለት እሳቸው ናቸው። ዘውዴም ሱቁን ክፍቱን ትቶ ነው የሮጠው።

“በእኛ መስኮት እንሻገር” አለ ከድር በድንገት።

መንገዷ ጠባብ ናት፤ ከዘይነባ የደርብ መስኮት እስከ ሰገነቱ መሰላል ይደርሳል። ከድር መሰላሉን አጋድሞ ጫፉን ሲይዝ ዘውዴ በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ ተሻገረ። ዕድሜውን ሙሉ መሰላል ላይ የኖረ የመብራት ሠራተኛ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ የሰገነቱ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ነጠላቸው ግማሹ ከታቻቸው ሆኗል። አጠገባቸው አንዲት በርጩማ ተገልብጣለች። ከላያቸው፣ በሰገነቱ ጣሪያ ላይ፣ ዘውዴ ራሱ የገጠመው ነጩ አምፖል ጠፍቶ ተሰቅሏል።

“መጣህ?” አሉት። ከንፈራቸው ደርቋል።

“መጣሁ እማዬ። አትንቀሳቀሺ።”

“በርዶኛል” አሉ። ዘውዴ ጃኬቱን አውልቆ ሲያለብሳቸው እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከድር ከመስኮቱ እያየው እንደሆነ እንኳ አላስታወሰም።

*

የጀጎል መንገድ ባጃጅ አያስገባም። ጎረቤቶቹ በፍራሽ ተሸክመው እስከ ትልቁ መንገድ አደረሷቸው፤ ከዚያ ከድር ጡሩምባውን እየነፋ ወደ ሆስፒታል ነዳ። ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም ነገሩን አላወሳሰበም። የቀኝ እጃቸው ተሰብሯል፤ የዳሌያቸው አጥንት ተሰንጥቋል እንጂ አልተለያየም፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፤ ከሁሉም የከፋው ሌሊቱን ብርድ ላይ ማደራቸው ነው።

“ሌሊቱን?” አለ ዘውዴ።

“ትናንት ሲመሽ ነው የወደቅሁት ብለውኛል። ሰው አብሯቸው አይኖርም?”

ዘውዴ ትናንት ማታ ደውሎ ነበር። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ፣ “ተኝታለች” ብሎ ለሚስቱ ለራሔል ነግሯት እራቱን በላ።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰገነቱን አምፖል አሰበ። ባለፈው ክረምት ነው የእናቱን ቤት መብራት ሁሉ የለወጠው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዓይናቸው እየደከመ መጥቶ በደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተዋል። ዘውዴም የሱቁን ምርጥ ምርጥ ዕቃ ይዞ መጣ፤ ቢጫዎቹን አሮጌ አምፖሎች፣ መንግሥት በአንድ ወቅት በልዋጭ የሰጣቸውን ጥምዝምዝ ቆጣቢ አምፖሎችም ሳይቀር፣ ነቅሎ በአዲሶቹ ነጫጭ የኤልኢዲ አምፖሎች ተካቸው። ደረጃውና መጸዳጃ ቤቱ ላይ ሰው ሲያልፍ የሚያበራ ሴንሰር ገጠመ። ሰገነቱ ላይ ደግሞ ሲመሽ ራሱ የሚያበራ፣ ሲነጋ ራሱ የሚያጠፋ ዓይን አደረገ። ከዚያ ወዲህ ለሰገነቱ ማብሪያ ማጥፊያ ምን ይሠራል? ነቀለውና ቀዳዳውን በጂፕሰም ደፈነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለእናቱ ብሎ ብቻ አልነበረም። ሱቁ የመጣ ደንበኛ ሁሉ “ይሄ ሴንሰር ይሠራል እንዴ?” ሲለው፣ “ና፣ የእናቴን ቤት ላሳይህ” እያለ ይዞ ይሄድ ነበር። ደረጃው እግር በረገጠው ቁጥር ቦግ ሲል፣ እንግዳው አፉን ሲከፍት፣ ዘውዴ ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ወይዘሮ ሮማነወርቅም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ነበር። “ከፊቴ ከፊቴ ያበራልኛል እኮ” እያሉ ያለ ጉዳያቸው ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ሰንብተዋል።

የሰገነቱን ግን አልወደዱትም።

“ይሄኛውን እንኳ ተወው። እኔ ራሴ ላብራው” ብለውት ነበር።

“ለምን ትደክሚያለሽ እማዬ? አንቺ ተቀመጪ፤ እሱ ራሱ ያውቃል።”

“ምኑን ነው የሚያውቀው?” አሉ። እሱም ስቆ አለፈው።

ሌላም ነገር ነበር፤ አሁን አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ነው የቆጠቆጠው። ከዚያ በፊት ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት በእናቱ በኩል ያልፍ ነበር፤ አንዱ አምፖል ተቃጥሎ፣ አንዱ ማቀፊያ ላልቶ፣ ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር አይጠፋም። አዲሱ መብራት ከገባ በኋላ የሚሠራ ነገር ጠፋ። ስልክ ይደውላል። ቤቱ ራሱ እናቱን የሚያይለት ስለመሰለው ልቡ ዐረፈ።

*

እትዬ ዘይነባ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። እጃቸውን እያፍተለተሉ ቆዩ።

“ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘውዴ” አሉ በመጨረሻ።

“ኧረ እትዬ ዘይነባ! እርስዎ ባይኖሩ ማን ያገኛት ነበር?”

“ስማኝ አቦ! መብራቷ አልጠፋም። የኢሻን ሶላት ሰግጄ ስነሣ በመስኮት አየሁት፤ ይበራል። ልተኛ ስልም አየሁት፤ ይበራል።”

“እሱማ ሁልጊዜ እስኪነጋ ይበራል። እኔ ነኝ እንደዚያ የሠራሁት።”

“አንተ እንደሆንክማ አውቃለሁ” አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ጠንከር አለ። “እሷ ግን መች እሺ አለችህና! እኔና እናትህ እኮ በመብራት ነው የምንነጋገረው። በዚያ በሰዓት እላፊው ጊዜ፣ አንተ አዲስ አበባ አክስትህ ጋ በነበርክበት፣ ያኔ ነው የጀመርነው። ከመሸ ውጭ መውጣት የለም። አባትህ ጦር ሜዳ፣ የኔውም ሰውዬ ወደ ሱማሌ እንደሄደ ቀርቷል። ሁለት ሴቶች ብቻችንን። ሲመሽ እኔ አበራለሁ፤ እሷ ትመልስልኛለች። ልንተኛ ስንል እሷ ታጠፋለች፤ እኔ እመልስላታለሁ። ደህና እደሪ ማለት ነው። ሰዓት እላፊው ቀረ፣ እኛ ግን አልተውነውም።”

“ለኔ አልነገረችኝም” አለ ዘውዴ።

“ምን ብላ ትንገርህ? አሮጊቶቹ በመብራት ይጫወታሉ ብለህ እንድትስቅባት?”

ዘውዴ ቀና አላለም።

“ካልጠፋ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እናትህ ወባ የጣላት ጊዜ እኮ፣ መብራቷ ሳይጠፋ ሲቀር ነው ሮጬ የደረስኩላት። አንተ ማጥፊያውን ስትነቅልባት ጊዜ በርጩማ ላይ መውጣት ጀመረች። እኔ ሳበራ ወጥታ አምፖሉን ታጠብቀዋለች፤ ይበራል። ልትተኛ ስትል ወጥታ ታላላዋለች፤ ይጠፋል። ‘ተይ ትወድቂያለሽ’ ስላት፣ ‘የዘውዴ አምፖል አይፋጅም፤ እንደ ድሮው እጅ አያቃጥልም’ ትለኛለች እየሳቀች።”

እንዳይፋጅ አድርጎ የሠራው እሱ ባይሆንም፣ አይፋጅም ብሎ ለእናቱ የኮራበት እሱ ነበር። አምፖሉን አብርቶ በእጃቸው አስነክቷቸዋል።

“ትናንትም አበራሁ፤ መለሰችልኝ። ከዚያ ሳይጠፋ ሲቀር…” እትዬ ዘይነባ በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። “አልሐምዱሊላህ፣ በርጩማውን ተወችው፣ ልጇ ያለውን ሰማች አልኩ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። ድሮ ቢሆን ባዶ እግሬን እሮጥ ነበር!”

“እርስዎ ምንም አላጠፉም” አለ ዘውዴ። የሴትየዋን እጅ ያዘ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቂጣ የሰጠው እጅ ነው።

*

ከሰዓት በኋላ እናቱ ትንሽ ሞቅ አላቸው፤ ሾርባም ቀመሱ። እጃቸው በነጭ ጄሶ ታስሮ ደረታቸው ላይ ተቀምጧል።

“ተጣራሁ” አሉት። “ድምፄ አልወጣ አለ። ዘይነባም ለብርዱ ብላ መስኮቷን ዘግታለች። ከሥሬ የሚሄድ ነገር ስሰማ ሰው ነው ብዬ ልጮኽ ስል፣ ለካ ጅቦቹ ናቸው።” ሊስቁ ሞከሩና ጎናቸውን አመማቸው። “ስልኩም ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ። አንተ ነበርክ?”

“እኔ ነበርኩ።”

“መሰለኝ። ደግሞ እኮ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ፊቴ ላይ በራ። ሌላ ጊዜ በየምሽቱ የሚቋረጠው መብራት ትናንት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ አደረ! ቢቋረጥ ዘይነባ ሻማ ይዛ መስኮቷ ላይ ብቅ ትል ነበር። ያኔ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።”

ዘውዴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያዘጋጀው የዋለውን ነገር ተናገረ።

“ከእንግዲህ ወደኛ ነው የምትመጪው እማዬ። ራሔልም ብላለች። ቤታችን ደረጃ የለው፣ ሰገነት የለው። ልጆቹ አንድ ክፍል ይለቁልሻል።”

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። የዘውዴ ቤት ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ሠፈር ነው። ጥሩ ቤት ነው፤ ሰፊ ነው። እዚያ የሚያውቁት ሰው ቢኖር የልጃቸው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ እነሱም ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ።

“ቤቴን አትውሰድብኝ” አሉ ቀስ ብለው።

“ማን ወሰደብሽ? ለደኅንነትሽ እኮ ነው!”

“ቤቱ ምን አደረገኝ? የደረጃው መብራት ጥሩ ነው፤ እሱን አትንካው። የመጸዳጃውም ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያንን ግን…” ጤነኛ እጃቸውን አንሥተው በአየር ላይ የሆነ ነገር ተጫኑ፤ ለዓመታት ግድግዳ ላይ የተጫኑትን ነገር። “ማጥፊያዬን መልስልኝ።”

“ደግሞ ብትወድቂስ?”

“ማጥፊያው ቢኖር እወድቅ ነበር?”

ይህን ያሉት ሊከሱት አልነበረም። ልጃቸው እንዲያ ፊቱ ሲለዋወጥ ባዩ ጊዜ ደንግጠው፣ “ተው፣ ተው፣ እኔው ነኝ ያበዛሁት” አሉ። ዘውዴ ግን ቀድሞ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

*

ወደ ማታ ራሔል ልትጠብቃቸው መጣች፤ እትዬ ዘይነባም ለመግሪብ ሶላት ከከድር ጋር ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲወጡ ዘውዴን ወደ ጎን ጠርተው፣ “እስክትቆም ድረስ እኔ ከሷ ጋ አድራለሁ። ወደ ሌላ ቦታ እንዳትወስድብኝ” ብለውታል። እሱም እሺ ወይም እንቢ ሳይል ልብስ ሊያመጣ ወደ እናቱ ቤት ሄደ።

ጠዋት እሱ ራሱ ከውስጥ የከፈተው በር ገርበብ ብሎ ጠበቀው። ደረጃው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ መብራቱ ቦግ አለ። ወጣ። የእናቱ አልጋ አልተነካም፤ ስልካቸው ትራሱ አጠገብ ተቀምጧል። ልብሳቸውን ከሣጥኑ እየመረጠ ሳለ ሰማዩ ደበዘዘ፤ ከሰገነቱ በኩል ነጭ ብርሃን በድንገት ገባ።

ዘውዴ ቀና ብሎ አየው። ቤት ውስጥ እናቱ የሉም። አምፖሉ ግን ልክ እንደ ታዘዘው በሰዓቱ በርቷል፤ እኔ አለሁ፣ ደህና ነኝ እያለ ለማዶው ቤት ይናገራል። ሌሎቹን ሥራዎቹን ሁሉ እንደወደደ ይህን አንዱን ጠላው። መጥፎ ሥራ ስለሆነ አልነበረም፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ጥሩ ሥራ ነው። ሳይጠይቅ የሠራው ሥራ ስለሆነ ነው።

ስልኩ ጠራ። ራሔል ናት።

“ዶክተሩ ከጥቂት ቀን በኋላ ትወጣለች ብሏል” አለችው። “የልጆቹን ክፍል ከአሁኑ ላስለቅቅ? አልጋም ዝቅ ያለ መፈለግ አለብን።”

“ቆይ፣ መልሼ ልደውልልሽ።”

“ምን ሆነሃል? ድምፅህ…”

“ደህና ነኝ። መልሼ እደውላለሁ።”

ወደ ሱቁ ሄዶ የመሣሪያ ቦርሳውን፣ መሰላልና ጥቅል ሽቦ ይዞ ተመለሰ። የቆጣሪውን ማጥፊያ ወደ ታች አወረደ፤ ቤቱ ጨለመ። የስልኩን መብራት በጥርሱ ይዞ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የመብራቱን ዓይን ፈታና ኪሱ ውስጥ ጨመረው። በጂፕሰም የደፈነውን ቀዳዳ በመዶሻ ፈልፍሎ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመለት፤ እናቱ እጃቸው በለመደው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ። ከዚያ ትንሽ አሰበና ሌላ ሽቦ በግድግዳው ጥግ ለጥግ እየሳበ እስከ አልጋው ራስጌ አደረሰው፤ ጫፉ ላይ በአውራ ጣት የሚጫኑት ትንሽ የአልጋ ማብሪያ አሰረ። ተኝተውም፣ ሳይነሡ፣ ሰገነቱን ማብራትና ማጥፋት እንዲችሉ ነው። ከሁለቱም ቦታ እንዲሠራ አድርጎ ማያያዙ ሥራ ፈጀበት፤ ሁለት ጊዜ አበላሽቶ ፈታው።

በመጨረሻ ቆጣሪውን መለሰ። ደረጃው ቦግ አለ። ሰገነቱ ግን እስኪታዘዝ ጨልሞ ጠበቀ።

ማዶ የእትዬ ዘይነባ መስኮት በርቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደበራ እንጃ። ጥላቸው ከመጋረጃው ኋላ ቆሟል። እዚህ ሰው እንደሌለ እያወቁ፣ ሆስፒታል አብረው ውለው እየመጡ፣ መብራታቸውን አብርተዋል።

ዘውዴ የአልጋውን ማብሪያ በአውራ ጣቱ ተጫነ። ሰገነቱ በራ።

ማዶ መጋረጃው ተነሣ። እትዬ ዘይነባ ብቅ ብለው አዩ፤ መሰላሉን፣ የተበተነውን ሽቦ፣ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው። ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አድርገው መጋረጃውን መለሱት።

ወለሉን ጠርጎ፣ በርጩማዋን አንሥቶ ምድር ቤት አወረዳት። የእናቱን ልብስ በፌስታል ከተተ። ሊሄድ ሲል እንደገና አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ እናቱ ሊተኙ ሲሉ እንደሚቀመጡት። ሰዓቱ ገና ነው፤ ከመንገዱ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ቢሆንም መልእክቱ ለአንድ ቀን ቀደም ቢል እትዬ ዘይነባ ይገባቸዋል።

አጠፋው።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ምናልባት እያመነቱ ይሆናል፤ ምናልባትም እያለቀሱ። ከዚያ የማዶው መስኮት ጠፋ።

ዘውዴ ስልኩን አወጣ።

“የልጆቹን ክፍል አታስለቅቂ” አላት ራሔልን።

“ምነው? ታዲያ የት ልትሄድ ነው?”

“ቤቷ።”

“ብቻዋን?”

ማዶውን መስኮት አየ። ጨልሟል።

“ብቻዋን አይደለችም” አለ፤ ፌስታሉን አንሥቶ ደረጃውን ወረደ።